ከባንኮኒው ፊት፦ በጃፓን ትንሽ የቤተሰብ ሱሺ ቤት እንዴት እንደምመገብ

ባል ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ዓሣ ይቆርጣል፤ ሚስት ሻይ ታቀርባለች፣ ሒሳብ ትቀበላለች። ወንበሩ 8 ወይም 10 ነው። በጃፓን ከተሞች፣ በተጨበጠ ሩዝ ላይ ጥሬ ዓሣ ተደርጎ የሚቀርበውን ሱሺ የሚሠራ እንዲህ ያለ የሰፈር ቤት አይጠፋም፤ እኔም ሳህን እየዞረ ከሚመጣባቸው ትልልቅ ቤቶች ይልቅ እነዚህን እመርጣለሁ። ዓሣው የሚገዛው በጠዋት፣ ለሚጠበቀው ሰው ልክ ስለሆነ የእንግዳው ዋና ሥራ ገና ቤቱ ሳይገባ ያልቃል።

ቀጠሮ የማስይዘው ባረፍኩበት ሆቴል ሠራተኞች በኩል ነው፤ ብዙዎቹ ባለቤቶች በስልክ፣ ያውም በጃፓንኛ ብቻ ነው የሚነጋገሩት። የማስደውለውም ምሳ አልቆ እራት ሳይጀመር፣ በእነሱ አቆጣጠር ከ15 እስከ 16 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ባለሙያው እጁ ሩዝ ውስጥ እያለ ስልክ ማንሳት አይችልም። ሰዓቱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እሰጣለሁ። እኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት የምንለው ለእነሱ 18 ሰዓት ነው፤ 12 ተብሎ ከተያዘ የምሳ ወንበር ይሆናል። ቶኪዮ ከሆንኩ እሑድንና ረቡዕን እተዋለሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. ከጹኪጂ ወደ ቶዮሱ የተዛወረው ትልቁ የዓሣ ገበያ እሑድ፣ ብዙ ጊዜም ረቡዕ ስለሚዘጋ ብዙ ሱሺ ቤቶችም አብረውት ይዘጋሉ። ቀጠሮ ይዞ መቅረት ግን ነውር ነው፤ ከ8 ወንበር 2ቱ ባዶ ካደሩ የምሽቱ ገቢ ሩብ ሄደ፣ የተገዛውም ዓሣ ለነገ አይሆንም።

ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው የማይበላውን አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ሰው ኤቢ የሚሉትን ሽሪምፕ፣ ካኒ የሚሉትን ሸርጣን፣ ኢካና ታኮ የሚሉትን ስኩዊድና ኦክቶፐስ፣ ካይ የሚባሉትን ባለ ዛጎሎች፣ ኡኒ የሚሉትን የባሕር ጃርት፣ እንዲሁም እባብ የሚመስለውን አናጎ በጃፓንኛ በካርድ ላይ ያስጽፍ። ቀጥሎ የማይታየው አለ። ታማጎ የሚባለው ጣፋጭ የእንቁላል ጥብስ በቶኪዮ ባህላዊ አሠራር የተፈጨ ሽሪምፕ ሊገባበት ይችላል፤ ሚሶ ከሚባለው ከተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ የሚሠራው ሾርባም በዛጎል ሥጋ ወይም በሽሪምፕ ጭንቅላት ሊሠራ ይችላል። ሁለቱን በስም ጠርቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። አልኮል ለማይቀምስ ደግሞ ሚሪን አለ፤ ይህ ጣፋጭ የሩዝ አልኮል ዓሣው ላይ በብሩሽ በሚቀባው ሶያ፣ ማለትም ጨዋማ የአኩሪ አተር ስጎ፣ እና በአናጎ ድልህ ውስጥ ይገባል። በጾም ዓሣ የማይበላ ሰው የሚያገኘው ኪያር በመሃሉ ገብቶ የተጠቀለለውን ካፓ ማኪና ጥቂት የአትክልት ጥቅልሎች ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለእነዚህ ብሎ ከ8 ወንበር አንዱን ከመያዝ ጉብኝቱን ለፍስክ ማቆየት ይሻላል።

ጥሬ ሥጋ የለመደ ሰው ጥሬ ዓሣን ላይፈራው ይችላል፤ ተውሳኩ ግን ሌላ ነው። አኒሳኪስ የሚባለው ትል በማከሬልና በስኩዊድ ውስጥ ይገኛል፤ አቼቶም፣ ዋሳቢ የሚባለው የሚያቃጥል አረንጓዴ ማባያም አይገድለውም። የሚገድለው ማብሰል ወይም ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ቢያንስ 24 ሰዓት ማቀዝቀዝ ነው። ከምግቡ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ከያዘ ወደ ሐኪም መሄድ፣ የተበላውንም መናገር ነው። እርጉዝ ሴት ጥሬውን ትተወው።

መጀመሪያ ለሚሄድ ሰው ምሳን እመክራለሁ። የአንድ ሰው ምሳ በሦስት ደረጃ ይቀርባል፦ ናሚ ተራው፣ ጆ የተሻለው፣ ቶኩጆ ምርጡ። ጆ ይበቃል። ዋጋው ሳይጻፍ የዕለቱ ዋጋ የሚል ምልክት ያለበትን ዓሣ ሳልጠይቅ አላዝም። ምርጫውን ለባለሙያው የምንተውበት ኦማካሴ እጅግ ደስ ይላል፤ ሆኖም ዋጋው በቀጠሮው ጊዜ መታወቅ አለበት።

ሽቶ ሳልቀባ እሄዳለሁ፤ ጠባብ ቤት ውስጥ የሽቶ ሽታ የሁሉንም ሰው ዓሣ ያበላሻል። የሚሰጠው ሙቅ ፎጣ ለእጅ እንጂ ለፊት አይደለም። ሱሺ በእጅ ይበላል፣ ይህ ለእኛ ምቹ ነው። ሩዙ በሰውነት ሙቀት ገደማ ሆኖ፣ በመሃሉ አየር እንዲቀር ላላ ተደርጎ ነው የሚጨበጠው። ስለዚህ በአውራ ጣትና በሁለት ጣቶች ከጎን ይዤ፣ ገልበጥ አድርጌ፣ የዓሣውን ጫፍ ብቻ ሶያ አስነክቼ በአንድ ጊዜ እጎርሳለሁ። ሩዙ ሶያ ከነካ ይጠጣዋል፣ ይፈራርሳል፤ ጨውነቱም ዓሣውን ይሸፍነዋል። ባለሙያው አስቀድሞ ከቀባው ሶያ አይጨመርበትም። ዋሳቢም በዓሣውና በሩዙ መካከል አለ፤ እንደ ሰናፍጭ ወደ አፍንጫ ስለሚወጣ የማይችል ሰው ገና ሲቀመጥ «ሳቢ ኑኪ» ይበል። ዝንጅብሉ ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ስንሸጋገር አፍ ማጽጃ ነው፤ ሱሺው ላይ አይደረግም።

ዋናው ነገር ፍጥነት ነው። የቀረበው እዚያው መበላት አለበት፤ ለፎቶ ሲቆይ ሩዙ ይቀዘቅዛል፣ ኖሪ በሚባለው የደረቀ የባሕር አረም የተጠቀለለውም ወዲያው ይለሰልሳል። ፎቶ ካስፈለገ አስፈቅዶ አንዴ ማንሳት ይበቃል። ሩዙ ከበዛ «ጎሃን ሱኩናሜ» ሲባል ይቀነሳል፤ ዓሣውን ገፎ ሩዙን መተው ግን ባለሙያውን ያሳዝናል፣ ግማሽ ጥበቡ ሩዙ ነውና። ጉርሻ የለመደ እጅም ይጠንቀቅ፦ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ምግብ ማቀባበል የሬሳ አጥንት ከተቃጠለ በኋላ የሚለቀምበት ሥርዓት ስለሆነ በማዕድ ላይ ያስደነግጣል። ለወዳጅ ማካፈል ከተፈለገ በሳህኑ ላይ ማኖር ነው።

የተረፈ አስጠቅልሎ መውሰድን አልጠይቅም፤ ጥሬ ዓሣ በመንገድ ቢበላሽ ስማቸው ስለሚጠፋ ብዙዎቹ አይፈቅዱም። ስጠግብ «ኦካንጆ ኦኔጋይሺማስ» ብዬ ሒሳብ እጠይቃለሁ። ቤት ውስጥ ለሚበላ ምግብ ግብሩ 10 በመቶ ነው፤ በዋጋው ውስጥ ካልተካተተ ይታከላል። ካርድ የማይቀበሉ ስላሉ ከሰቨን ኢለቨን ሱቆች ማሽን የን አውጥቼ እሄዳለሁ፤ የውጭ ካርድ ይቀበላል። ብሩ በእጅ አይሰጥም፣ በትንሿ ሳህን ላይ ይቀመጣል። ጉርሻ ማለትም ቲፕ የለም፤ ትቶ የወጣውን ሰው ረሳው ብለው መንገድ ድረስ ይዘው ይከተሉታል። ስወጣ ለባልም ለሚስትም «ጎቺሶሳማ ዴሺታ» ብዬ ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ፤ ቀጣዩ ቀጠሮ ያለው ሰው እየጠበቀ ሊሆን ስለሚችልም ሻይ እየጠጣሁ አልቆይም።