ዘረ-መሉን ከመፈለግ በፊት እንቅልፉን መለካት

የነርቭ ሐኪም ሆኜ የእንቅልፍን ውርስ ሳጠና ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚወስድብኝ ዲኤንኤ ማንበብ አይደለም። እሱ ዛሬ ገንዘብ ካለ ቀላሉ ክፍል ነው። ፈተናው ከአንድ ቤተሰብ ውስጥ የማጠናው የእንቅልፍ ባሕርይ በእርግጥ ያለበትን ከሌለበት መለየት ነው።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ባሕርይው ከአንድ የክሮሞዞም ክፍል ጋር አብሮ ይወረሳል ለማለት የሎድ ውጤት፣ ማለትም አብሮ መወረሱ ከአጋጣሚ ምን ያህል እንደሚያመዝን የሚለካው ቁጥር፣ ቢያንስ 3 መድረስ አለበት፤ አንድ ሺህ ለአንድ እንደ ማለት። መረጃ የሚሰጥ አንድ የወላጅና የልጅ ውርስ ቢበዛ 0.3 ይጨምራል፤ ስለዚህ ቢያንስ 10 ያህል ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ሰው በስህተት «አለበት» ተብሎ ከተመዘገበ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያለው ውጤት ይወድቃል። «አይታወቅም» ቢባል ግን የሚጠፋው ያቺው 0.3 ናት። ስጠራጠር ሁልጊዜ «አይታወቅም» እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ከዩታ ቤተሰቦች የተገለጸውን ቀድሞ የመተኛት ባሕርይ እንውሰድ። ባሕርይው ያለባቸው ሰዎች ምሽት 1፡30 ገደማ ተኝተው ሌሊት 10፡30 ይነቃሉ። «ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ የሥራ ሰዓታቸውን ነው የሚነግረኝ። «ዕረፍት ላይ ሆነው፣ የሚቀሰቅስዎ ሳይኖር፣ እንቅልፍ ራሱ ሲመጣ መቼ ነው?» እላለሁ። 30 ዓመት ሳይሞላቸው መጀመሩንም አጣራለሁ፤ ዕድሜ ራሱ የእንቅልፍን ሰዓት ያስቀድመዋልና። ድብርት ያለበት ሰውም በጊዜ ይነቃል፤ በጊዜ ግን ላይተኛ ይችላል።

ከዚያ የእጅ አክቲግራፍ ለሁለት ሳምንት። መሣሪያው የሚለካው እንቅስቃሴን ነው፤ ጋደም ብሎ የሚያነብን ሰው ተኝቷል ይላል፣ ለገላ መታጠብ ወልቆ ጠረጴዛ ላይ የተረሳውንም እንዲሁ። የእንቅልፍ ማስታወሻ አብሮት ካልተጻፈ መረጃውን አልቀበልም።

የሰውነትን የውስጥ ሰዓት የሚናገረው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ነው። ብርሃኑ ከ10 ሉክስ በታች በሆነ ክፍል አስቀምጬ በየ30 ደቂቃው ምራቅ እወስዳለሁ። ምግብም የጥርስ ሳሙናም ከናሙናው በፊት ክልክል ነው፤ የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌንና ቤታ ብሎከር የተባሉት የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች ሜላቶኒንን ስለሚያወርዱ ቀድሜ እጠይቃለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው መነሻ ሰዓቱ ነው። ሜላቶኒን ከመኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ይነሣል፤ ምሽት 1፡30 ለሚተኛ ሰው እንደ ሌላው ሁሉ ማታ 1 ሰዓት ላይ መጀመር ጭማሪው ካለፈ በኋላ መድረስ ነው። እኔ ከቀትር በኋላ 7፡30 እጀምራለሁ።

የዘረ-መል ለውጥ ሲገኝ ሥራው ገና ነው። በ2001 ፔር2 በተባለው የሰውነት ሰዓት ዘረ-መል ላይ የተገኘው ለውጥ በፕሮቲኑ ውስጥ 662ኛውን አሚኖ አሲድ፣ ሴሪንን፣ በግላይሲን ይተካል፤ በዚህም ካዜይን ካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ፕሮቲኑ ላይ ፎስፌት የሚለጥፍበት ቦታ ይጠፋል። አሠራሩ ግልጽ ስለሆነ አሳማኝ ነው። በ2005 የተገለጸው የካዜይን ካይኔዝ 1 ዴልታ ለውጥ ደግሞ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው፦ አይጥ ውስጥ ሲገባ እንደ ሰው የውስጡን ሰዓት ዑደት አሳጠረ፣ የፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ ግን አስረዘመ። ዝንብ ብቻ የሞከረ ሰው ግኝቱን ይጥለው ነበር።

በተፈጥሮ ትንሽ ተኝቶ ለመንቃት፣ ለአጭር እንቅልፍ፣ የበለጠ እጠነቀቃለሁ። በ2009 ዴክ2 የተባለ ዘረ-መል ለውጥ ከአንድ እናትና ልጅ ጋር ተያይዞ ቀረበ፤ የአይጥና የዝንብ ሙከራም ደገፈው። በ2022 በዩኬ ባዮባንክ፣ በእንግሊዝ የብዙ ሰዎች የዘረ-መልና የጤና መረጃ ቋት፣ የተሠራ ጥናት ግን ለአጭር እንቅልፍ የተጠቀሱት ለውጦች ባሉባቸው ሰዎች የእንቅልፍ ርዝመት ላይ ልዩነት አላገኘም። የአይጡ ሙከራ ዋሸ አልልም፤ ሁለት ተሸካሚ ግን ከ0.3 ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ትንሽ ቤተሰብ ሲመጣ ግኝቱን ከማሳተሜ በፊት የአጎትና የአክስት ልጆችን እፈልጋለሁ፣ ለውጡንም በሕዝብ መረጃ ቋት ውስጥ እመለከታለሁ። እንዲያ ሲታይ ከሚቀረው ይልቅ የምንሰናበተው ዕጩ ለውጥ ይበዛል።