ከ80 ወረቀት 10 ደብተር፦ የተማሪ የመጀመሪያ ንግድ የሥራ መዝገብ

ለዚህ መዝገብ የተመረጠው ንግድ በእጅ የሚሰፋ ማስታወሻ ደብተር ነው። የተመረጠበት ምክንያት ሁሉም ነገሩ ስለሚቆጠር ነው፤ ወረቀቱ በፍሬ፣ ክሩ በሴንቲ ሜትር፣ ድካሙ በደቂቃ። ለጀማሪ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ኪሳራ ቢመጣ እንኳ ከየት እንደመጣ ይታያል። ሌላ ነገር መሸጥ የምትፈልጉም ቁጥሩን ቀይራችሁ ስሌቱን መውሰድ ትችላላችሁ።

1ኛ ሳምንት፦ ሁለት ናሙና

የደብተሩ ልክ ኤ5 ነው፤ ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ የሚገኘው። 16 የታጠፈ ወረቀት አንዱ ባንዱ ውስጥ ገብቶ ወገቡ ላይ ሲሰፋ 32 ቅጠል፣ ማለትም 64 ገጽ ይወጣዋል። ለውስጡ 80 ግራም ወረቀት፣ ለሽፋኑ 250 ግራም ይበቃል፤ ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። መሣሪያው ወስፌ፣ ወፍራም መርፌ፣ ጂንስ የሚሰፋበት ዓይነት ጠንካራ የፖሊስተር ክር፣ ቁራጭ ሰም፣ የብረት ማስመሪያ፣ ከተር እና አንድ ማንኪያ ነው። ማንኪያው እጥፋቱን በጀርባው ለመጫን ነው።

ወረቀት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። ወረቀት የተሠራበት ቃጫ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛ ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ ማሽኑ በሚሄድበት አቅጣጫ። ቃጫውን ተከትሎ የታጠፈ ወረቀት ያለ ትግል ቀጥ ብሎ ይታጠፋል። ቃጫውን አቋርጦ የታጠፈው ግን እጥፋቱ ይሻክራል፣ ደብተሩም በከፈቱት ቁጥር መልሶ ይዘጋል። የተለመደው የኤ4 ኮፒ ወረቀት ቃጫው ብዙ ጊዜ በረጅሙ ጎን፣ በ297 ሚሊ ሜትሩ፣ የተኛ ነው። ለደብተር ስናጥፈው ደግሞ እጥፋቱ የሚሄደው በአጭሩ ጎን፣ በ210ሩ፣ ስለሆነ መቋረጡ አይቀርም።

መውጫው ኤ3 ገዝቶ መሐል ለመሐል ማስቆረጥ ነው። ኤ3 ላይም ቃጫው ብዙውን ጊዜ በረጅሙ ጎን፣ በ420ው፣ ይተኛል፤ ለሁለት ሲቆረጥ የሚወጡት ሁለት ኤ4 ወረቀቶች ቃጫቸው በ210ሩ ጎን ይሆናል። ያኔ እጥፋቱና ቃጫው ይገጥማሉ። ሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ግን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ፈትሹ። ሳታጥፉት በአንዱ አቅጣጫ፣ ከዚያ በሌላው ጎበጥ አድርጉት፤ ሲጎብጥ የማይታገላችሁ ከቃጫው ጋር ሲሄድ ነው። ጥርጣሬ ካለ ቅዳዱት፤ በቃጫው በኩል ቀጥ ብሎ፣ በሌላው በኩል ተንጋዶ ይቀደዳል። ሽፋኑም በዚሁ መንገድ ይመረመራል፤ 250 ግራም ወረቀት ቃጫውን ተቋርጦ ከታጠፈ ወገቡ ላይ ይሰነጠቃል። ደንበኛ ስለ ቃጫ ደንታ የለውም፣ ግን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የማይቆይ ደብተር ሁለተኛ አይገዛም።

አስራ ስድስቱንም ባንዴ አትጠፉ። አራት አራት አድርጋችሁ አጥፋችሁ በማንኪያ ጫኑ፣ ከዚያ አራቱን እጥፍ አንዱን ባንዱ ውስጥ ክተቱ። ሽፋኑን በማስመሪያ ተደግፋችሁ በማንኪያው እጀታ መሐሉ ላይ መስመር ካስያዛችሁ በኋላ እጠፉና ከውጭ አልብሱት። ቀዳዳው ሦስት ነው፤ ከላይኛው ጫፍ በ30፣ በ105 እና በ180 ሚሊ ሜትር። ጥራዙን አንድ ትልቅ መጽሐፍ መሐል ላይ ዘርግታችሁ ወስፌውን ከውስጥ ወደ ውጭ አውጡ፤ ልክ እጥፋቱ ላይ። አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ከሳተ ሽፋኑ ላይ በግልጽ ይታያል።

ክሩ 55 ሴንቲ ሜትር ይቆረጥና ሰም ላይ ይጎተታል፤ ሰሙ ክሩን ከመወሳሰብ ያድነዋል፣ ቋጠሮውንም ያጠብቃል። ስፌቱ ከውስጥ በመሐለኛው ቀዳዳ ይጀምራል፤ 8 ሴንቲ ሜትር ጫፍ ተርፎ ወደ ውጭ ይወጣል። በውጭ ሄዶ በላይኛው ይገባል። በውስጥ መሐለኛውን ዘሎ እስከ ታችኛው ይወርድና ይወጣል፤ በመጨረሻም በመሐለኛው ተመልሶ ይገባል። ሁለቱ ጫፎች በረጅሙ ክር ግራና ቀኝ መሆን አለባቸው፤ ክሩን አቅፈው ድርብ ቋጠሮ ይታሰራሉ። ሁለቱም ባንድ ወገን ከቀሩ ስፌቱ ይላላል። ክር ሲጠብቅ በወገቡ ትይዩ ይሳብ፤ ወደ ላይ ከተሳበ ወረቀቱን እንደ ቢላ ይሰነጥቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች የሚበላሹት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

2ኛ ሳምንት፦ ሰዓትና ዋጋ

የመጀመሪያው ደብተር ግማሽ ሰዓት ቢወስድ አይግረማችሁ። እጅ ሲለምድ ወደ 12 ደቂቃ ይወርዳል። ሰዓት ይዛችሁ ለኩ፤ ዋጋ ያለ ደቂቃ አይወጣም።

ስሌቱን በማንኛውም ገንዘብ አስቡት። ለአንድ ደብተር ወረቀት (ማስቆረጫውን ጨምሮ)፣ ሽፋንና ክር 40 ቢሆን፣ ማተሚያ ቤት ጠርዙን ለማስከርከም 3፣ ለብልሽት 7 በመቶ ገደማ ማለትም 3። ጉልበት በሰዓት 60 ከተቆጠረ 12 ደቂቃ 12 ነው። ድምሩ 58። በ75 ከተሸጠ 17 ይተርፋል።

አሁን ጓደኛ መጥቶ «20 በመቶ ቀንሱልኝ» ቢል የሚቀነሰው ከ75ቱ ነው፤ 15 ይሄዳል፣ የሚተርፈው 2 ብቻ ነው። 20 በመቶ ቅናሽ ከትርፉ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋውን በላ ማለት ነው። ቅናሽ የግድ ከሆነ ሁለት የሚገዛ ሰው ላይ ትንሽ ማንሳት ይሻላል። «ጉልበቴን አልቆጥርም» የሚለውን ደግሞ አንቀበልም። ያልተቆጠረ ጉልበት ዋጋውን ያሳስታል፤ ነገ ሥራ በዝቶ ረዳት ስትፈልጉ የምትከፍሉበት ገንዘብ ዋጋው ውስጥ አይኖርም።

3ኛ ሳምንት፦ ቀብድ

ሁለቱን ናሙና ይዛችሁ ሰው ጠይቁ፤ አንዱ መስመር የሌለው፣ አንዱ መስመር ያለው ይሁን። «ብሠራ ትገዛለህ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ ሁሉም «አዎ» ይላል፣ አዎ ማለት አያስከፍልምና። ግማሽ ቀብድ ጠይቁ። የሚሥሉ፣ የቋንቋ ቃላት የሚመዘግቡ፣ የቤተ ሙከራ ውጤት የሚጽፉ ተማሪዎች ቶሎ ይገባቸዋል።

ለ10 ደብተር ከኪስ የሚወጣው ጉልበቱ ሳይታሰብ 460 ነው፤ 46 በ10። ከ10 ሰው ግማሽ ቀብድ ቢሰበሰብ 375። ስለዚህ ከራሳችሁ የሚያስፈልገው 85 እና የመሣሪያው ዋጋ ብቻ ነው፤ መነሻ ካፒታል የሚባለው ይኸው ነው። ሰባት ሰው ብቻ ከከፈለ የሚሠራው ሰባት ነው። አስር ሠርቶ ሦስቱን ተሸክሞ መዞር ጀማሪን ያስጠላል።

ቀብድ የተቀበላችሁበትን ቀን፣ መጠኑንና የማስረከቢያውን ቀን ሁለታችሁም እጅ ላይ እንዲኖር ጻፉት። ግቢ ውስጥ መሸጥ ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። የትምህርት ቤቱን ዓርማም ሆነ የታወቀ የካርቱን ምስል ሳታስፈቅዱ ሽፋን ላይ አታትሙ።

4ኛ ሳምንት፦ የመጀመሪያዎቹ 10

ለ10 ደብተር 80 ኤ3 ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለብልሽት 6 ጨምሩ። ሙሉ ደስጣ አትግዙ። 500 ወረቀት 62 ደብተር ያወጣል፤ ገዢው ግን ገና 10 ነው። ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ ቆሞ ከተቀመጠም ይጎብጣል፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ በጀርባው ይተኛ።

አንዱን ደብተር ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ጊዜ ይበላል። አስሩንም እጠፉ፣ ከዚያ አስሩንም ብሱ፣ ከዚያ ስፉ። ለቀዳዳው ከካርቶን አንድ መለኪያ ቆርጣችሁ ሦስቱን ነጥብ ምልክት ካደረጋችሁበት ማስመሪያ በየጊዜው አያስፈልግም፤ አስሩም አንድ ዓይነት ይሆናሉ።

ከተሰፋ በኋላ ደብተሩን ከጎን እዩት፤ የውስጥ ወረቀቶች ወደ ውጭ ገፍተዋል። አንድ 80 ግራም ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 16ቱ ሲደራረቡ መሐለኛው ከውጨኛው ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ስለዚህ ከሦስቱ ጎን 3 ሚሊ ሜትር ይከረከማል፤ የመጨረሻው ልክ 145 በ204 ይሆናል። ይህን በከተር መሞከር ይቻላል፣ ግን ብዙ ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል፤ ማስመሪያው ትንሽ ከተንሸራተተ ጠርዙ ሰያፍ ይሆናል። አስሩን ይዞ ማተሚያ ቤት ባለው ትልቅ መቁረጫ ማስከርከም ይመረጣል። ከመስፋት በፊት እንዳታስከረክሙ፤ ሲሰፋ እንደገና ይገፋል።

የተበላሸውን አትጣሉ፣ መዝግቡት፦ «ቀዳዳ ሳተ»፣ «ክር ቀደደው»፣ «ሽፋን ተሰነጠቀ»። ከስድስቱ የተበላሹ አራቱ በክር ከሆነ መማር ያለበት ስፌት ነው፤ የወረቀት ለውጥ አያድናችሁም።

5ኛ ሳምንት፦ ዱቤ

ተማሪ ለተማሪ ሲሸጥ «እሑድ እሰጥሃለሁ» አይቀርም። 10 ሠርታችሁ ስድስቱ በጥሬ ገንዘብ፣ አራቱ ያለ ቀብድ በዱቤ ቢሄዱ እጃችሁ ላይ ያለው የስድስቱን ቀብድ ጨምሮ 450 ነው። ያወጣችሁት 460 ነበር። ሒሳቡ ላይ ትርፍ አለ፤ ለሁለተኛው ዙር ወረቀት የሚገዛ ገንዘብ ግን የለም። ጥሬ ገንዘቡ የሚመለሰው ሰባተኛው ደብተር ሲከፈል ስለሆነ፣ ዱቤ ከሦስት ደብተር በላይ እንዳይሄድ ወስኑ። ቀሪው ግማሽ ሳይከፈል ደብተሩ አይሰጥም የሚለው ደንብ ቀብድ ስትቀበሉ ቢነገር ማንም አይቀየምም፤ በማስረከቢያው ቀን ቢነገር ግን ጠብ ነው።

የሽያጩ ገንዘብ ከኪስ ገንዘብ ጋር አይቀላቀል። ሁለት ፖስታ ይበቃል፤ አንዱ ለወረቀትና ለክር፣ አንዱ ለጉልበትና ለትርፍ። ሻይ የሚጠጣው ከሁለተኛው ነው።

ከዚያ በኋላ

አንድ ክበብ 30 ደብተር ቢያዝ ደስታው ሳይበርድ ቁጥሩን ሥሩ፤ 30 በ12 ደቂቃ 6 ሰዓት ነው፣ 240 ኤ3 ወረቀትና የብልሽት ወደ 17 ይፈልጋል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ካላችሁ የሦስት ሳምንት ሥራ ነው፤ ማስከርከሚያና መጠባበቂያ ጨምራችሁ አራት ሳምንት በሉ።

ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ትእዛዝ መቀበል ይቁም። ተጣጥፎ ያልተሰፋ ጥራዝ ካለ ከባድ መጽሐፍ ሥር አድርጋችሁ ተዉት፤ እዚያ በቆየ ቁጥር እጥፋቱ ይበልጥ ይተኛል፣ ከፈተና በኋላ ሲሰፋም ደብተሩ ቀጭን ሆኖ ይወጣል።