ጅቡ በግንቡ ቀዳዳ ሲያልፍ

ዛሬ ጠዋት ከአንድ የውጭ አገር የጌም ስቱዲዮ «አልተመረጡም» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። በዚህ ዓመት አራተኛው ነው። በጣም አዘንኩ፤ ቁርስም አልበላሁ።

ከሰዓት በኋላ ግን ላፕቶፔን ይዤ እዚሁ ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ ወዳለው የአክስቴ ቤት ሄድኩ። የምሠራው ጌም ሌሊት በጁገል፣ ማለትም በግንብ በታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ ውስጥ የሚዞር ጅብ ታሪክ ነው። ጅቡ በግንቡ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይገባል፤ በጠባቦቹ መንገዶች አልፎ ሳይነጋ መውጣት አለበት። የምሠራበት ጎዶት የተባለው ፕሮግራም ነው። ኮዱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አንድ ብር እንኳ አይጠይቅም። ለእኔ ዓይነቱ ጀማሪ ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው። ምንም ሳልነግራት ሰጠኋትና ዝም ብዬ አየኋት። ሦስት ጊዜ ከአንድ ግድግዳ ጋር ተላተመች። ለሳምንታት የደከምኩበት የጨረቃ ጥላ መውጫውን ሸፍኖባት ኖሯል! ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ጅብ እኮ በጨለማ የሚሄደው አሽትቶ ነው» አለችኝ።

እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም? ፈላና በር አጠገብ ማታ ማታ ጅብ ሲመገብ እያየሁ አድጌያለሁ። አሁን በጌሙ ውስጥ ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣ የሥጋ ሽታ በቀጭን ቀይ ጭስ ለጅቡ መንገዱን ያሳየዋል። እስከ እኩለ ሌሊት ይህንኑ ስሠራ ቆየሁ።

ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ለማውጣት ለአንድ ጌም 100 ዶላር ይጠየቃል። እሱን ሌላ ቀን አስብበታለሁ። ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደገና ትሞክረዋለች፤ ባትሪው አሁን እየተሞላ ነው።