ውስኪ በሐኪም ማዘዣ፦ የጆርጅ ሪመስ አነሣሥ

በአሜሪካ መጠጥ ታግዶ በነበረበት ዘመን ስለ ገነኑት ወንበዴዎች ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው የአል ካፖን ስም ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ጆርጅ ሪመስ ነው፤ ሰውየው የከበረው ከጠመንጃ ይልቅ የሕግ አንቀጽ አገላብጦ በማንበብ ነውና።

ሪመስ ጀርመን ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የመጣ፣ ቺካጎ ውስጥ በአጎቱ መድኃኒት ቤት ሙያ የተማረ፣ በኋላም ጠበቃ የሆነ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1920 እገዳው ሥራ ላይ ሲውል መጠጥ ሲያዘዋውሩ የተያዙ ሰዎች ደንበኞቹ ሆኑ። ዳኛው ከባድ መቀጫ ሲጥልባቸው፣ እነዚያ ተራ የሚመስሉ ሰዎች ከኪሳቸው የዶላር ጥቅል መዘዝ አድርገው እዚያው ቆጥረው ይከፍላሉ። ጠበቃቸው አጠገባቸው ቆሞ ጥቅሉን ያያል።

ከዚያ ሕጉን ቁጭ ብሎ አጠናው። ሕጉ ውስኪ በሐኪም ማዘዣ ለመድኃኒትነት እንዲሸጥ ይፈቅዳል፤ ከእገዳው በፊት ተመርቶ በየመጋዘኑ የተቆለፈውንም ፈቃድ ያለው የመድኃኒት አከፋፋይ ማውጣት ይችላል። መድኃኒትንም ሕግንም ለሚያውቅ ሰው ይህ ወለል ብሎ የተከፈተ በር ነበር።

ስለዚህ ወደ ሲንሲናቲ ተዛወረ፤ የኬንታኪ ውስኪ ከወንዙ ማዶ ነውና። ፋብሪካዎችን ከነመጋዘናቸው ገዛ፤ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅቶችንም በእጁ አስገባ። ጭነቱ በሕጋዊ ወረቀት ይወጣል፤ መንገድ ላይ ዘራፊዎች ይጠብቁታል፤ ዘራፊዎቹ ደግሞ የራሱ የሪመስ ቅጥረኞች ናቸው። የተዘረፈው ውስኪ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ፣ «የሞት ሸለቆ» በሚባልና በታጠቁ ሰዎች በሚጠበቅ እርሻ ተከማችቶ ለጥቁር ገበያ ይቀርባል። ጉቦውም እስከ ዋሽንግተን ይዘልቅ ነበር፤ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የቅርብ ወዳጅ ለጄስ ስሚዝ ይከፍል እንደነበር በኋላ ራሱ ለሴኔት መርማሪዎች መስክሯል። እርሱ ግን መጠጥ አይቀምስም ነበር ይባላል።

ጉቦው አላዳነውም፤ በ1924 አትላንታ ወህኒ ወረደ። በ1927 ሚስቱን ኢሞጅንን ሲንሲናቲ ኤደን ፓርክ ውስጥ ተኩሶ ገደላት፤ ይህን እንደ ጀብዱ የሚተርኩ ሰዎች ያናድዱኛል። በችሎት ለራሱ ጠበቃ ሆኖ ቆመ፤ የሕዝብ ዳኞቹም 19 ደቂቃ ብቻ ተመካክረው በአእምሮ መታወክ ምክንያት ነጻ አሉት። የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ሲገባ ደግሞ ጤነኛ ነኝ ብሎ ተከራከረ፤ ማስረጃ ያደረገውም የዐቃቤ ሕግ ሐኪሞች እብድ አይደለም ሲሉ የሰጡትን ምስክርነት ነበር። በ1928 ተለቀቀ።