ልጅ ደጅ አይጠናም

አዳማ ላይ ጉዲፈቻን ማብራራት አያስፈልግም። ቃሉም ልማዱም የኦሮሞ ነው፤ በሽማግሌ ፊት ቃል ተገብቶለት የተወሰደ ልጅ ከአብራክ ከተከፈለው ጋር እኩል ይወርሳል። ሮሜ 8፥15 ላይ «የልጅነት መንፈስ» የሚለውን ስታነቡ ይህን አስቡ። ከበስተኋላው ያለው የግሪክኛ ቃል፣ ሁዮቴሲያ፣ ልጅ አድርጎ መውሰድ ማለት ነው። በአዲስ ኪዳን 5 ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ 3ቱ ሮሜ ውስጥ፣ ገላትያና ኤፌሶን ላይ ደግሞ አንድ አንድ ጊዜ፤ ሁሉም የጳውሎስ ነው። ዮሐንስ ስለ መወለድ ይናገራል፤ ለዛሬ የጳውሎሱ ይበቃናል።

ጉዲፈቻ የሚጸናው በወሳጁ ቃል ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ እግዚአብሔር ቃሉን እንዴት ይጠብቃል ወደሚለው ይዞራል። ለዚህ ዘፍጥረት 15ን ክፈቱና አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ፤ በተከፈለው ሥጋ መካከል ያለፈው ማን ነው? አብራም የሦስት ዓመት ጊደር፣ ፍየልና በግ አምጥቶ ለሁለት ለሁለት ከፈላቸው፤ ዋኖሱንና ርግቡን ግን አልከፈለም። በዚያ ዘመን ቃል ኪዳን የሚገባ ሰው በመካከሉ ያልፍ ነበር፤ ኤርምያስ 34፥18 ይህንኑ ልማድ ያነሣል። «ቃሌን ባፈርስ እንዲህ ልሁን» እንደማለት ነው። አብራም ግን ከባድ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ያለፈው የእግዚአብሔር መገኘት ምልክት የሆነው የሚጤሰው ምድጃና የእሳቱ ነበልባል ብቻ ነው፤ ቃሉን በራሱ ላይ ያሰረው እግዚአብሔር ብቻ ነው ማለት ነው! ከዚያ በኋላ አብራም ተስፋ የተሰጠውን ልጅ መጠበቅ ከብዶት በ86 ዓመቱ ከአጋር እስማኤልን ወለደ። ቃሉ ግን አልታጠፈም፤ በ75 ዓመቱ ከካራን የወጣው ሰው ይስሐቅን በ100 ዓመቱ ታቀፈ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከወደቅን በኋላ ነው። ሉቃስ 15፥19ን ከቁጥር 21 ጋር አስተያዩት። ጠፍቶ የነበረው ልጅ ያጠናው ንግግር «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚል ነበር፤ አባቱ ፊት ሲደርስ ግን ይህ ዓረፍተ ነገር የለም። አባትየው ልብስ፣ ቀለበትና ጫማ አስመጣ። እኛ ግን ያንን የቀረ ዓረፍተ ነገር በየጸሎታችን እንመልሰዋለን፤ ሦስት ቀን ጾሜ፣ አንድ ሳምንት ተሻሽዬ ልቅረብ እንላለን። ሳምንቱ ወር ይሆናል፣ ከኅብረት መቅረት ይጀመራል። 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 እግዚአብሔር ይቅር የሚለው «የታመነና ጻድቅ» ስለሆነ ነው ይላል፤ ዕንባችንን አላነሣም። ስለዚህ በዚያው ቀን፣ ነገሩን በስሙ ጠርታችሁ ተናዘዙ። «በድያለሁ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ውሸት ከሆነ ውሸት በሉት። የሰው ገንዘብ ካለበት ሳይውል ሳያድር ይመለስ።

ይህ ግን ለማመፅ ፈቃድ አይደለም። 2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥13 «የታመነ ሆኖ ይኖራል» ከማለቱ በፊት ቁጥር 12 «ብንክደው» ብሎ ያስጠነቅቃል። ሁለቱን ለያይቶ ማስተማር ሰውን ይጎዳል፤ ቁጥር 13 ብቻውን ያዘናጋል፣ ቁጥር 12 ብቻውን ያስደነግጣል።

መከራ ሲመጣ «ትቶኛል» የሚል ሰው ዕብራውያን 12፥7ን ያንብብ፤ የሚቀጣው ልጅ ነው። ታሞ ለተኛ ሰው ግን ይህን ጥቅስ ይዛችሁ አትሂዱ። ለእርሱ ሮሜ 8፥23ን ቀስ ብላችሁ አንብቡለት። እዚያ ሁዮቴሲያ ገና የሚጠበቅ ነገር ነው፤ የሰውነታችን ቤዛ። መቃተቱ ከልጅነቱ ጋር በአንድ ቁጥር ውስጥ ተጽፏልና በሕመሙ እንዳያፍር።