ጣናን በብስክሌት ስንዞር

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ ልጆቿ ብስክሌት መንዳት የሚለምዱት ገና በለጋ ዕድሜያቸው ነው፤ ሆኖም አብዛኞቻችን የምንነዳው ከቤት እስከ ሥራ፣ ከገበያ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. በወርኃ ኅዳር እኔና አብሮ አደግ ጓደኛዬ ሐይቁን ዙሪያውን በብስክሌት ለመዞር ተነሣን። መንገዱ በምሥራቅ በኩል በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር ይወጣል፤ ከዚያም በደምቢያ ወደ ጎርጎራ ይወርድና በደልጊና በቁንዝላ በኩል ምዕራቡን ይዞ በዱርቤቴና በመርዓዊ ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል። ርቀቱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን መንገድ የመረጥንበት አንድ ምክንያት ነበረን፤ ከጣና የሚወጣውን ዓባይንና ለሐይቁ አብዛኛውን ውኃ የሚገብሩትን ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭንና ግልገል ዓባይን በሙሉ በአንድ ዙር ያሻግራል።

በረጅም ጉዞ ላይ ሰውን የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ የእግር ድካም ሳይሆን የምግብና የውኃ እጥረት ነው። ሰውነት በጡንቻና በጉበት ያከማቸው ስኳር ለጠንካራ ሥራ የሚበቃው ለሁለት ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ነጂው ሳይርበው መብላት፣ ሳይጠማው መጠጣት አለበት፤ የስፖርት ባለሙያዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ይመክራሉ። እኛ የተነሣነው የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ስለነበር እንቁላልና ወተት አልታሰበም። ስንቃችን በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቴምር ነበር። በሶውን እናቴ ገብሱን ራሷ ቆልታ አስፈጭታ፣ ጥቂት ጨው ጨምራ በከረጢት ሞላችልን። መንገድ ላይ በውኃና በማር እያሸን ጭብጦ እናደርገዋለን፤ በአንድ እጅ መሪ ይዞ በሌላው ጭብጦ መጉረስ ይቻላል፣ ሆድም አይከብድም። በውድ ዋጋ ከሚሸጠው የስፖርተኛ ምግብ ይልቅ ይህን እንደምመርጥ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ።

ገና ሳይነጋ የዓባይን ድልድይ ተሻገርን። (380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ የተመረቀው ከዚያ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ነው።) ማልደን የተነሣነው ለነፋሱ ስንል ነበር፤ ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከሐይቁ ወደ ዳርቻው ይነፍሳል። ጉማራን ስናልፍ የፎገራ ሜዳ ተዘረጋ። ሩዝ የሚታጨድበት ወቅት ስለነበር በመንገዱ ግራና ቀኝ ነዶ ተከምሯል፣ በሬዎች አውድማ ላይ ይዞራሉ፣ ገለባው ከመኪና ነፋስ ጋር እየተነሣ ፊታችን ላይ ይለጠፋል። ሜዳው ለብስክሌት ምቹ ቢመስልም ማታለሉ አይቀርም፤ ቁልቁለት ስለሌለው እግር አያርፍም፣ ፔዳል መምታት ያቆመ ሰው ወዲያው ይቆማል።

ርብን ተሻግረን አዲስ ዘመንን ካለፍን በኋላ ዳገቱ ጀመረ። በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለትን የጉዛራን ግንብ በኮረብታው ላይ አሻግረን እያየን በእንፍራንዝ በኩል ቀስ ብለን ወጣን። በማግስቱ መገጭን ተሻግረን፣ አዘዞን አልፈን ጎንደር ገባን።

ከጎንደር ወደ ጎርጎራ የሚወስደው መንገድ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ቢሆንም፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፊት ለፊት ስለተጋፈጠን ቁልቁለቱን እንኳ እየመታን ነበር የወረድነው። በሣር ክዳኗና በግድግዳ ሥዕሎቿ የምትታወቀውን ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልመን ዳርቻው ላይ ስንቆም፣ ከውኃው ጋር አብሮ የሚወዛወዝ እንቦጭ አየን። ይህ አረም ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ከታየ ጀምሮ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ የአሣ አጥማጁን መረብና የገበሬውን መሬት ይዟል። አበባው ሐምራዊ፣ ቅጠሉ ወፍራምና አንጸባራቂ ነው፤ አንዱን ብቻ በእጄ ነቅዬ ሳነሣው ጥቁሩ ሥሩ ጭቃና ውኃ አዝሎ ክንዴን አስረዘመው። ገበሬዎች ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው ይህን በየቀኑ እንደሚነቅሉ ሳስብ የእኛ ድካም ድካም መባሉ አሳፈረኝ።

ከዚያ ወዲያ አስፋልት አልነበረም። የምዕራቡ መንገድ ያኔ ጠጠርና አቧራ ነበር፤ የተጫነ ብስክሌት ላይ ጠጠር ከዳገት ይከፋል፣ እጅ ከመሪው ላይ ይደነዝዛል፣ የቸርኬ ሽቦ ይላላል፣ ካላማዳሪ ይበሳል። ጎሚስታ እስከሚቀጥለው ከተማ ስለማይገኝ ማስቲሽ፣ ፖምፓና ትርፍ ካላማዳሪ ይዘን ነበር፤ ሁሉንም ተጠቀምንባቸው። ውኃ ከጉድጓድ እየቀዳን «ውኃ አጋር» የሚባለውን የውኃ ማከሚያ እየጨመርን እንጠጣ ነበር። ደልጊ አጠገብ ጎማ ስንለጥፍ አንዲት አረጋዊት ከቤታቸው ወጥተው ቆመው አዩን።

«ከየት ነው የመጣችሁት ልጆቼ?»

«ከባሕር ዳር እማማ፣ በጎንደር በኩል ዞረን ነው።»

«ባሕር ዳር እኮ እዚሁ ማዶ ነው! በጀልባ አትመጡም ነበር?» አሉና መልሳችንን ሳይጠብቁ በቅል ጠላ፣ በሰፌድ ትኩስ ዳቦ ይዘው ተመለሱ። ከበሶአችን ጭብጦ አድርገን ሰጠናቸው፤ ቀምሰው «ያመሰችው ሴት ሙያ ታውቃለች» አሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ የተደሰተችውን ያህል ጉዞውን በመጨረሳችን አልተደሰተችም።

ግልገል ዓባይን ወተት ዓባይ ከተማ ላይ ተሻገርን። ወንዞቹ አለቁ፤ አስፋልቱም ስለተመለሰ በመርዓዊ በኩል ያለው መንገድ ቀላል ሆኖ አገኘነው። ባሕር ዳር ስንደርስ መጀመሪያ የሄድነው ሐይቁ ዳር ወዳለ የአሣ ቤት ነበር። ጓደኛዬ በጾሙ አሣ ይበላል፣ እኔ አልበላም፤ እሱ ቆረሶ አስጠብሶ፣ እኔ ሽሮ ይዤ ስለሚቀጥለው ዙር ተከራከርን። እሱ በተቃራኒው አቅጣጫ መሄድ ይሻላል ይላል፤ ጠጠሩን እግር ሳይደክም ጎማም ሳያረጅ መጨረስ ይቻላል፣ ከጎርጎራ ወደ ጎንደር ሲወጣም የሐይቁ ነፋስ ከኋላ ይገፋል። አሳመነኝ። የኋላ ቸርኬዬን ሽቦዎች እስክቀይር ድረስ ጠብቀኝ ብዬው ተለያየን።