ማዳበሪያው ቢጫ ሲሆን

ዛሬ ጠዋት ከእቶኑ ያወጣሁት ዱቄት ልክ እርድ ይመስላል። እፍ ቢሉት የሚበን ነው። ትናንት ነጭ ዩሪያ ነበር፤ እማዬ ጅማ አጠገብ ሰቃ ላይ ለበቆሎዋ የምትጨምረው ያው ማዳበሪያ! ክዳን ባለው ዕቃ 550 ዲግሪ ላይ ሲበስል ካርቦን ናይትራይድ የሚባል የካርቦንና የናይትሮጅን ውህድ ይሆናል። በሱና በፀሐይ ብርሃን ከውሃ ሃይድሮጅን ላወጣ ነው የምሞክረው።

በ1972 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊዎቹ ተመራማሪዎች ፉጂሺማና ሆንዳ በታይታኒየም ዳይኦክሳይድና በብርሃን ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መክፈል እንደሚቻል አሳዩ። ግን የታይታኒየም ዳይኦክሳይዱ የኃይል ክፍተት፣ ማለትም ብርሃን ኤሌክትሮኑን ለማስነሳት ሊኖረው የሚገባው ትንሹ ኃይል፣ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት (የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ነው። የሚጠቀመው አልትራቫዮሌቱን ነው፤ ያ ደግሞ ከፀሐይ ኃይል ትንሿ ድርሻ ናት። የኔው ዱቄት ክፍተት 2.7 ገደማ ስለሆነ ሰማያዊውንም ብርሃን ይውጣል። ቢጫ ሆኖ የሚታየንም ለዚህ ነው።

ጣጣው ሌላ ጋ ነው። ብርሃን ያስነሳው ኤሌክትሮን ውሃው ጋ ሳይደርስ ወደተነሳበት ባዶ ቦታ ተመልሶ ይወድቃል። ፕላቲነም ጠብ ሲደረግበት ኤሌክትሮኑን ይይዘዋል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። እኔ በኒኬል ልተካው ነው የምለፋው።

ባለፈው ሳምንት መሃል ላይ መብራት ሄዶ አንድ ሙሉ ዙር ተበላሽቶብኛል። ለእማዬ ደውዬ ስነግራት «አይዞሽ ልጄ፣ ከጆንያው ጨምሬ እልክልሻለሁ» አለችኝ። ጅማ ዛሬ ዳመናው ገፈፍ ብሏል። ብልቃጡን ይዤ ወደ ፀሐይ ልውጣ።